የሚያቆስል ቅባት፦ የቆዳ ነቀርሳ መድኃኒትና የሰሜን ሸዋ ደጋ ፀሐይ

የመንዝ ሰው ፀሐይ ትጎዳለች ሲባል የሚያስበው ቆላውን ነው፤ የጀማንና የወንጪትን ሸለቆ፣ ማሽላ የሚበቅልበትን፣ ወባ የሚያሠጋበትን አገር እንጂ፣ ጧት ጧት ውርጭ ገብሱን የሚመታበትን፣ እረኛው እስከ ረፋድ ድረስ ከባናው የማይወጣበትን የራሱን አምባ አይደለም። የሚያሞቀው ይፈጃል፣ የማያሞቀው አይፈጅም ማለት ለማንም ሰው የሚቀርብ ፍርድ ስለ ሆነ በዚህ የሚነቀፍ የለም። ዳሩ ግን ቆዳን ውስጥ ለውስጥ የሚያበላሸው የፀሐይ ጨረር፣ ሊቃውንቱ አልትራቫዮሌት የሚሉት፣ ሙቀቱ የማይሰማና በዓይን የማይታይ በመሆኑ፣ ነፋሱ ቢቀዘቅዝም ኃይሉ አይቀንስም፤ እንዲያውም ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የጓሳ ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ከምድር ወገብም በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ የሚርቅ እንደ መሆኑ መጠን፣ በቀትር ጊዜ በዚያ በግ የሚጠብቅ ልጅ ብርድ እያንቀጠቀጠው ፊቱ ሊቃጠል ይችላል።

ለአብዛኛው ሕዝባችን የቆዳው ጥቁረት ራሱ መከለያ ሆኖታል። ሜላኒን የሚባለው ጥቁር ቀለም ጨረሩን እየያዘ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ስለሚከለክል፣ ከፀሐይ የሚመጣው የቆዳ ነቀርሳ እንደ አውስትራልያ ባሉ አገሮች የዘወትር ወሬ ሲሆን በእኛ ዘንድ ብርቅ ሆኖ ኖሯል። ብርቅነቱ ግን ራሱን የቻለ ጉዳት አለው፤ ይኸውም በሽታው ሲመጣ የሚለየው ሰው በቶሎ አለመገኘቱ፣ መድኃኒቱም ሲሰጥ ጠባዩን የሚያስረዳ መታጣቱ ነው። በዚህ ዳሰሳ የምንመለከተው በቅባት የሚታከመውን የቆዳ ነቀርሳና ቅባቱን የሚቀባው ሰው በእነዚያ ሳምንታት የሚያሳልፈውን ነገር ነው። አሳቤን ከመነሻው ለመግለጥ ያህል፣ በሽተኛውን የሚያሸንፈው የቅባቱ ማቃጠል ሳይሆን ማቃጠሉን አስቀድሞ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው እላለሁ።

በፀሐይ ከሁሉ በፊት፣ ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ቆዳቸው ያለ ቀለም የሚወለዱ ወገኖቻችን ናቸው። አልቢኒዝም የሚባለው ይህ ነገር ከእናትም ከአባትም በውርስ የሚመጣ እንጂ ተላላፊ ደዌ አይደለም፤ መርገምም አይደለም፤ ከለምጽም ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ በብዙ መንደር ግን እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው ይነገራሉ። መጽሐፈ ሄኖክን የተመለከተ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ለላሜሕ የተወለደለት ሕፃን ኖኅ ሥጋው እንደ በረዶ የነጣ፣ ጠጕሩም ነጭ፣ ዓይኑም የሚያበራ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ አባቱ ልጁ ከእርሱ የተወለደ አልመስል ብሎት ደንግጦ ወደ ማቱሳላ ሮጠ፤ ማቱሳላም እስከ ሄኖክ ድረስ ሄዶ ልጁ በእውነት የላሜሕ ልጅ ነው የሚል ቃል ይዞ ተመለሰ። ይህ ታሪክ የሚገኘው፣ ሙሉው በግእዝ ተጠብቆ በኖረው በዚሁ መጽሐፍ በ106ኛው ምዕራፍ ነው፤ አርኖልድ ሶርስቢ የተባለ የብሪታንያ የዓይን ሐኪምም እ.ኤ.አ. በ1958 በዚያ አገር የሐኪሞች መጽሔት ላይ ይህንኑ ታሪክ መሠረት አድርጎ ኖኅ አልቢኒዝም ነበረበት የሚል ጽሑፍ አውጥቷል። የሊቁን ፍች መቀበል ግዴታ የለብንም፤ የላሜሕ ድንጋጤ ግን ዛሬም በደጋው ቤት የታወቀ ነው፤ ልጅየውን በተመለከተ ከሄኖክ ዘንድ ቃል የሚያመጣ ማቱሳላ ስለሚታጣም ብዙ እናት ባልዋንና ጎረቤትዋን ብቻዋን ስትከራከር ትኖራለች።

እንዲህ ያለው ልጅ እንደ ወንድሞቹ በግ ጥበቃ ሲሰማራ ገና በልጅነቱ ፊቱ ይጠቃጠቃል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ የጆሮውና የአፍንጫው ጫፍ እየላላጠ ይሻክራል፤ በሻካራው ቦታ ላይም ሲዳሰስ አሸዋ የሚመስል፣ ቢቀረፍ ተመልሶ የሚወጣ ቅርፊት ይበቅላል። አክቲኒክ ኬራቶሲስ የሚባለው ይህ የፀሐይ ቅርፊት ገና ነቀርሳ ያልሆነ፣ ነገር ግን ወደ ነቀርሳ የሚወስደውን መንገድ የጀመረ ነው። ያለ ጥላ ካደጉት ብዙዎቹ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ፣ ሰው ትዳር ይዞ ልጅ በሚያሳድግበት ጊዜ፣ እውነተኛው ነቀርሳ ይይዛቸዋል። የዓይናቸው ብርሃንም ደካማ ስለ ሆነ ከመጀመሪያው ወንበር ካልተቀመጡ ሰሌዳውን ስለማያዩ ትምህርታቸውን ይተዋሉ፤ ትምህርት የተወ ልጅ ደግሞ የሚጠብቀው እርሻና እረኝነት፣ ማለትም ፀሐይ ነው። አስተማሪው ልጁን ከፊት በማስቀመጡ ብቻ ከሐኪሙ የማይተናነስ ሥራ ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ስለ ሌሎቹ መናገር ያስፈልጋል፤ ቅባቱ ለማን እንደማይሆን ሳይታወቅ ለማን እንደሚሆን ማወቅ አይቻልምና። ጥቁር ቆዳ ያለው ወገናችን የቆዳ ነቀርሳ ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፀሐይ አይደለም። ለብዙ ዓመት ሳይድን የኖረ የባት ቁስል፣ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለበት ጠባሳ፣ ከጊዜ በኋላ አፉን እንደ ገና ከፍቶ እየገለበጠ፣ እየሸተተና እየደማ ወደ ነቀርሳ ይለወጣል፤ ዣን ኒኮላ ማርዦላን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1828 ስለዚህ ዓይነቱ ቁስል ስለ ጻፈ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከሁሉ የሚከፋው ሜላኖማ የሚባለው ጥቁር ነቀርሳ ደግሞ በጥቁሮች ላይ የሚወጣው ማንም ልብ በማይልበት በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የ60ኛ ዓመት ልደቱ በመስቀል አደባባይ የተከበረለት ቦብ ማርሊ በ36 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የሞተው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ጀምሮ ወደ ሰውነቱ በተሠራጨ ሜላኖማ እንደ ነበረ ብዙ ወዳጆቹ አያውቁም። ለእነዚህ ሁሉ የቀዶ ጥገና ምላጭ ነው የሚሻለው፤ በእንዲህ ያለ ቁስል ላይ ቅባት እየቀቡ ወራት ማሳለፍ ለበሽታው ጊዜ መስጠት ብቻ ይሆናል። ደግሞም ፊት ላይ የወጣ ቁስል ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ በደጋው ሰው ዘንድ የታወቀው ቁንጭር፣ በትንሽ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ወጥቶ ብዙ ሰው ያሳስታል። ኦሪት ዘሌዋውያን ካህኑ የቆዳውን ምልክት አይቶ ወዲያው እንዳይፈርድ፣ ሰባት ቀን ቆይቶ ዳግመኛ እንዲያይ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዛሬው ሐኪም ደግሞ በዓይኑ ከማየት አልፎ ከቁስሉ ትንሽ ናሙና ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ካላስመረመረ በቀር ቅባቱን ባያዝ ይመረጣል።

በቁስል ላይ መድኃኒት ማኖር እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያኖሩለት ማዘዙ ተጽፏል። የዛሬዎቹ ቅባቶች ግን ከበለስ ጠባይ ፈጽሞ የተለዩ ናቸው። ከሁለቱ ዋናዎች አንደኛው ፍሎሮዩራሲል የሚባለው ነው፤ ቻርልስ ሃይደልበርገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ያደረጉት ይህ መድኃኒት የነቀርሳው ሕዋስ ለመባዛት የሚፈልገውን አንድ ንጥረ ነገር መስሎ ይገባና ከውስጥ ሥራውን ያሰናክልበታል። መጀመሪያ የተሠራው በደም ሥር ለሚሰጥ ሕክምና ነበር፤ ነገር ግን በዚህ የሚታከሙ ሰዎች ፊታቸው ላይ የነበረው የፀሐይ ቅርፊት ብቻ ተለይቶ እየቀላና እየተቆጣ ሲወድቅ ሐኪሞቹ ስላዩ፣ በቆዳ ላይ ቢቀባስ የሚል አሳብ መጣላቸው። ሁለተኛው ኢሚኪሞድ ነው፤ ይህኛው ነቀርሳውን በራሱ አይገድልም፤ በቆዳ ውስጥ ያለውን የሰውነት ዘበኛ ቀስቅሶ በነቀርሳው ላይ ያዘምታል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1997 ለኪንታሮት የተፈቀደው ይኸው ቅባት በ2004 ለፀሐይ ቅርፊትና ከላይ ብቻ ላለው ቤዛል ሴል ለሚባለው ነቀርሳ ተፈቀደ።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል የሚለው ጥያቄ በሆላንድ በጥንቃቄ ተመርምሯል፤ ነገሩም እንደ በሽታው ይለያያል። ከላይ ብቻ ላለው ቤዛል ሴል ነቀርሳ ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የተገኙት ኢሚኪሞድ ከተቀቡት 80.5 በመቶ፣ ፍሎሮዩራሲል ከተቀቡት 70 በመቶ ነበሩ፤ ለፀሐይ ቅርፊት ግን ተገላቢጦሽ ሆኖ ከአንድ ዓመት በኋላ ፍሎሮዩራሲል 74.7፣ ኢሚኪሞድ 53.9 በመቶ አሳክቷል። በአሜሪካም በቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ ምርመራ ፊትና ጆሮን አንድ ጊዜ ብቻ በፍሎሮዩራሲል ማከም፣ በተከታዩ አንድ ዓመት ውስጥ ስኳመስ ሴል የሚባለውን ሌላውን የቆዳ ነቀርሳ፣ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውን፣ በ75 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ከሁሉ ይልቅ እኛን ሊስበን ይገባል፤ በአልቢኒዝም የተወለደ ሰው የሚያስፈልገው የወጣውን ነቀርሳ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሊወጣ የተዘጋጀውን ማስቀረት ነውና።

አሁን ወደ ሳምንታቱ እንምጣ። ፍሎሮዩራሲል ለፀሐይ ቅርፊት ሲታዘዝ በቀን ሁለት ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ለነቀርሳ ሲሆን ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ይቀባል፤ ኢሚኪሞድ ደግሞ ለነቀርሳው በሳምንት አምስት ሌሊት ለስድስት ሳምንት ይቀባና ስምንት ሰዓት ያህል ቆይቶ ጧት ይታጠባል። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሰላማዊ ስለ ሆኑ በሽተኛው መድኃኒቱ ውኃ ነው ወይ ብሎ ይጠራጠራል፤ በዚህ ጊዜ ብዙዎች አብዝተው በመቀባት ይሳሳታሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ገደማ ቦታው ይቀላል፤ በሁለተኛው ሳምንት ያቃጥላል፣ ያሳክካል፤ ጤነኛ መስሎ የታየውም ቆዳ በየቦታው ቀይ ነጥብ እያወጣ፣ ከዝናብ በኋላ በገብስ ማሳ ላይ እንደሚበቅል አረም፣ የተደበቀውን ጉዳት ሁሉ ያሳያል። በሦስተኛው ሳምንት ይቆስላል፣ ያዣል፣ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅባቱ ከዓይን አጠገብ ከሆነ ሽፋሽፍቱ ያብጣል፤ ኢሚኪሞድ የሚቀባው ሰው ደግሞ ጉንፋን እንደ ያዘው ሁሉ ሊያተኩሰውና ሊቆረጥመው ይችላል። ከዚያ ቅባቱ ይቆማል፤ ከቆመ በኋላም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ቅርፊቱ እየረገፈ ከሥሩ ለስላሳ አዲስ ቆዳ ይወጣል፤ ቅላቱ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል።

መከራው የሚጸናው እንግዲህ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ የሚጸናውም በሥጋ ብቻ አይደለም። ለቁስል የተሰጠ መድኃኒት ሁሉ ቁስል እንዲያደርቅ በሚጠበቅበት አገር፣ ደህና የነበረውን ፊት የሚያቆስል መድኃኒት ይዞ ገበያ መውጣት፣ ዕድር መቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም ምን ያህል እንደሚከብድ ያልደረሰበት አያውቀውም። ጎረቤት በቅንነት «ኧረ አበላሹህ» ይላል፤ ሌላው «ተወው፣ ጠበል ይሻልሃል» ይላል፤ በሽተኛውም ቅባቱን ጥሎ ሲቀር፣ ያ ሁሉ ስቃይ ያለ ፍሬ ይቀራል። ስለዚህ የአንዲት ጤና ጣቢያ ነርስና በአልቢኒዝም የተወለዱ የአንዲት መነኩሲት ንግግር እንዲህ ቢሆን ብለን በዓይነ ኅሊና እንሣለው።

«እማሆይ፣ ይህ ቅባት እንደ ሌላው ቅባት አያለሰልስም። በሁለተኛው ሳምንት ፊትዎ ይቀላል፣ ከዚያ ይቆስላል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው እንጂ ባሰብዎት ማለት አይደለም።»

«ሰው ሲያየኝ ታዲያ ምን ልበል፣ ልጄ?»

«መድኃኒቱ ነው፣ እንዲህ እንደሚያደርግ አስቀድሞ ተነግሮኛል ይበሉ። መግል ከያዘ ግን፣ ወይም ጠንከር ያለ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ዓይንዎ ውስጥ ከገባ፣ ነገ ሳይሉ ይምጡ።»

ይህን ለመናገር ከሁለት ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም፤ በእኔ ግምት ከቅባቱ ኃይል እኩሌታው በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ አለ። ከተቻለም ቃሉን የትዳር ጓደኛ ወይም የቤቱ ትልቅ ልጅ አብሮ ቢሰማ መልካም ነው፤ ሌሊት ሲያሳክክና ሲያቃጥል አጠገብ ያለው ሰው ምስክር ይሆናልና።

ከቃሉ ቀጥሎ የቤቱ ጥንቃቄ ይመጣል። ቅባቱ ስስ ሆኖ በጥጥ ወይም በጓንት ይቀባል፤ በባዶ ጣት የቀባ ሰው ወዲያው እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ዓይን፣ የአፍንጫ ቀዳዳና አፍ አይነኩም። ቁስሉ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ በተቀቀለና በቀዘቀዘ ውኃ ያራሱትን ንጹሕ ጨርቅ ማሳረፍ፣ ቀጥሎም ቫዝሊን መቀባት ያሳርፋል፤ የደጋው ሰው እጁ የሚሄድለት ለጋ ቅቤ ግን ቁስል የሚያመረቅዝ ቆሻሻ ሊይዝ ስለሚችል ለዚህ ጊዜ ቢቀር ይሻላል። ኩበት በሚነድበት ምድጃ አጠገብ ፊትን አስጠግቶ መቀመጥ ማቃጠሉን ያብሰዋል፤ ዝንብም እንዳያርፍበት ነጠላ ላላ አድርጎ መከናነብ ይበቃል እንጂ በፕላስተር ማሸግ አይገባም። ሕመሙ ሲበረታ ፓራሲታሞል መውሰድ፣ ከአቅም በላይ ሲሆንም ሐኪሙን አስፈቅዶ ጥቂት ቀን ማረፍና እንደ ገና መቀጠል እንደ ሽንፈት አይቆጠርም። ፊቱ በሙሉ የተጎዳ ሰው ግንባሩን በአንድ ጊዜ፣ ጉንጩን በሌላ ጊዜ እየከፋፈለ ቢታከም መከራውን የሚችለው ያደርገዋል። ነፍሰ ጡር ሴትና ልጇን የምታጠባ እናት ግን ፍሎሮዩራሲልን ጨርሰው መንካት የለባቸውም።

ስለ ውሻ የሚጠይቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቢሆንም እነግራለሁ፤ በመንዝ ውሻ የሌለው ደጃፍ የለምና። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የፍሎሮዩራሲልን ቱቦ ነክሰው የላሱ ውሾች መሞታቸውን ገልጦ ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ ስለዚህ ቱቦው ውሻም ሕፃንም በማይደርስበት በሣጥን ይቆለፍ፣ የተቀባበትም ጥጥ በደጅ አይጣል።

ከሃይማኖት ሥርዓት ጋር ያለውም ነገር ቢነገር ደግ ነው፤ ሰው ከሐኪሙ የሚደብቀው ይህንኑ ነውና። ቅባት የሚበላ ስላልሆነ ጾም አያፈርስም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ቅባቱን ከመቀባቱ በፊት ተጠምቆ ቆዳው ከደረቀ በኋላ ቢቀባ ሁለቱም አይጣሉም፤ ተቀብቶ ወዲያው መጠመቅ ግን መድኃኒቱን ማጠብ ነው። ቁስሉ ደም ሲያዥ ወደ ቅጽሩ መግባት የሚከብደው ምእመን ሳምንታቱን አስቀድሞ ለንስሐ አባቱ ቢያማክር ልቡ ያርፋል። እንዲያውም ጊዜ መምረጥ የሚችል በሽተኛ የፍልሰታን ጾም ቢመርጥ እላለሁ፤ ደመናው ጨረሩን ሁሉ ባይከለክልም ፀሐይዋ ትለዝባለች፣ ሰውም በሱባኤ ስለሚሰበሰብ ከቤት የቀረውን የሚጠይቅ የለም፤ 15ቱ ቀን ለአጭሩ ሕክምና ይበቃል፣ ለረጅሙም ግማሽ መንገድ ይሆናል። የክረምቱ ጭቃ ለሐኪም ቤት መንገድ እንቅፋት መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ከሐምሌ በፊት መያዝ ያሻል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አገራችን የሚያቆስል መድኃኒት ባዕድዋ አይደለም፤ ባህላዊው መድኃኒት ዐዋቂ የቁልቋልን ወተት በኪንታሮትና በእባጭ ላይ እያንጠባጠበ ሲያቃጥል ኖሯል። የፈረንጅ ሊቃውንትም ከቁልቋል ወገን የሆነችውን የአንዲት ትንሽ አረም ወተት መርምረው ኢንጀኖል የሚባል ቅባት አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ተፈቀደ፣ በሁለትና በሦስት ቀን ሥራውን ስለሚጨርስም ተወደደ። ዳሩ ግን በተቀባበት ቦታ ላይ ነቀርሳ ሊያበዛ ይችላል የሚል ሥጋት ስለ ተነሣበት በ2020 ከአውሮፓ ገበያ ወጣ። ከዚህ የምወስደው የአባቶች መድኃኒት ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም፤ ማቃጠል ብቻውን ማዳን አለመሆኑን ነው። የቁልቋል ወተት ቆዳን ሁሉ ሳይለይ ይፈጃል፣ ዓይን ከነካም ያሳውራል፤ ፍሎሮዩራሲል ግን ከጤነኛው ይልቅ የተበላሸውን ለይቶ ያጠቃል። ሁለቱን ያመሳሰለ ሰው ከፊቱ ላይ ቅርፊቱ በወደቀ ጊዜ ከሥሩ ያለው ነቀርሳ አብሮ የወደቀ ሊመስለው ይችላል።

ቅባቱ ከየት ይገኛል? በመሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ በመርሐ ቤቴም ካርልሃይንዝ ቦም የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት የደገፈው የዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለ፤ ደብረ ብርሃንም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ሆና፣ በታላቁ የቀዶ ጥገና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የሚጠራው የዩኒቨርሲቲዋ የጤና ሳይንስ ግቢ ሐኪሞች ያሠለጥናል። የቆዳ በሽታ ጠቢባን ግን ከጥንት ጀምሮ የተሰበሰቡት በአዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ በተቋቋመው በአለርት ነው፤ የጨረር ሕክምና የሚያስፈልገውም ወደ ጥቁር አንበሳ ሲላክ ኖሯል። የፍሎሮዩራሲል ቅባት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የተጻፈ ስለ ሆነ የቅንጦት ነገር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከግሼ ራቤል ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ የሚመላለስ ገበሬ የትራንስፖርቱና የአልጋው ወጪ ከመድኃኒቱ ዋጋ ሊበልጥበት ስለሚችል፣ ምርመራው አንድ ጊዜ በከተማ ተደርጎ ክትትሉ በቅርቡ ጤና ጣቢያ ቢሆን የብዙ ሰው ሕክምና ሳይቋረጥ ይፈጸማል፤ ለዚህም ነርሱ ማወቅ ያለበት ከላይ የጻፍነውን ያህል ብቻ ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ የአንድ ኢትዮጵያዊ ብላቴና ስም ይነሣል። አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሄማን በቀለ፣ በትውልድ አገሩ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ሲሠሩ ያየው ከልቡ ስላልወጣ፣ ኢሚኪሞድን በሳሙና ውስጥ አዋሕዶ የቆዳ ነቀርሳን በርካሽ ማከም የሚል አሳብ አቅርቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ገና በ14 ዓመቱ የስሪ ኤም ኩባንያ ለወጣት ሳይንቲስቶች የሚያዘጋጀውን ውድድር አሸነፈ፤ በ2024 ደግሞ ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ ሰየመው። ሳሙና የሚታጠብ ነገር ነው፣ መድኃኒቱ እንዴት በቆዳ ላይ ይቀራል የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እርሱም ሳሙናው ሲለቀቅ መድኃኒቱን ይዘው የሚቀሩ ደቃቅ የስብ ቅንጣቶች ይህን ይፈታሉ ብሎ ያምናል፤ ከታላቁ ሽልማት በኋላም በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ በአይጦች ላይ መመርመሩን ቀጥሏል። የብላቴናው አሳብ ያስመሰግነዋል፤ በአይጥ ላይ የሚመረመር ነገር ግን ገና መድኃኒት ስላልሆነ፣ ሳሙናው እስኪመጣ ብሎ ዛሬ ያለውን ቅባት የሚያዘገይ ሰው እንዳይኖር እሠጋለሁ።

ቅባቱ ያጸዳው ቆዳ ፀሐዩ ካልተከለከለበት በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በታንዛንያ፣ በኪሊማንጃሮ ግርጌ በሞሺ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በተከፈተው የቆዳ ሐኪሞች ማሠልጠኛ፣ ኪሊሰን የሚባል የፀሐይ መከላከያ ክሬም በአልቢኒዝም ለተወለዱት ታስቦ እዚያው እየተሠራ ይታደላል፤ እንዲህ ያለው ለእኛም አገር ቢሠራ ከባድ ጥበብ አይጠይቅም። እስከዚያው ግን ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ እስከ አንጓ የሚደርስ እጅጌ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጥላ መያዝ፣ እረኝነቱንም ለወንድም ሰጥቶ የቤት ውስጥ ሥራ መውሰድ በማንም እጅ ያለ ነገር ነው፤ የመንዝ ሰው ከዝናብ የሚጠለልበት የጓሳ ሣር ገሳ እንኳ በበጋ ቢደረብ የትከሻንና የማጅራትን ቆዳ ይጋርዳል። ሕክምናውን የጨረሰ ሰው በየስድስት ወሩ ይታያል፤ በየወሩም በቤቱ ደጃፍ ብርሃን ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው የጆሮውን ጀርባ፣ የታችኛውን ከንፈሩን፣ ማጅራቱንና የእጁን ጀርባ እንዲያይለት ያደርጋል፤ ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም ሲነካ የሚደማ እባጭ ከተገኘ፣ ከተረፈው ቱቦ አውጥቶ ሳይቀባ፣ ናሙና ወደሚወሰድበት ሐኪም ቤት ይሄዳል።